«ይቀመጡ፣ እኔ ላምጣልዎ»፦ የአንባቢዎች ጥያቄ ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው የመጡት ከታማሚዎቹ ሳይሆን ከልጆቻቸው ነው። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ደጋግመን ያገኘነው «እንዳይደክሙ ብለን» የሚል ቃል ነው። መልሶቻችን ከዚህ ቃል ጋር ትንሽ ይጣላሉ።

ጥያቄ፦ እናታችን 67 ዓመታቸው ነው። ከ2 ወር ተኩል በፊት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አለ። አሁን ሰው ብብታቸውን ይዞ ሲያነሳቸው ይቆማሉ። እጃቸው ግን እንደተንጠለጠለ ነው፤ ትከሻቸውን ደግሞ ሌሊት ሌሊት ያማቸዋል። ፊዚዮቴራፒ የምንወስዳቸው በ15 ቀን አንዴ ነው፤ ከዚያ በላይ አቅም የለንም። ጠዋትና ማታ በሙቅ ውኃና በቅባት እናሻቸዋለን። ጎረቤት ደግሞ ወጌሻ ይያቸው እያለ ነው። ምን እናድርግ? (ከደሴ)

መልስ፦ የሌሊቱ ሕመም ምንጭ እዚያው ደብዳቤያችሁ ውስጥ አለ፤ «ብብታቸውን ይዞ ሲያነሳቸው» ብላችኋል። የትከሻ መገጣጠሚያ እንደ ዳሌ ጥልቅ ጎድጓዳ የለውም፤ የክንዱን አጥንት ቦታው ላይ አንቆ የሚይዘው ጡንቻ ነው። ስትሮክ ጡንቻውን ሲያላላው የክንዱ ክብደት ብቻውን መገጣጠሚያውን ቀስ በቀስ ወደ ታች ይስበዋል። የአንድ ሰው ክንድ ከጠቅላላ ክብደቱ 5 በመቶ ገደማ ስለሆነ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 3 ኪሎ ቀኑን ሙሉ ተንጠልጥሎ ዋለ ማለት ነው። በዚያ ላይ ብብት ተይዞ ሲነሱ በትከሻው ዙሪያ ያለው ጅማት ይቆስላል። የትከሻቸውን ጫፍ ብትዳስሱ ከአጥንቱ ሥር አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ልታገኙ ትችላላችሁ። ወጌሻውም የሚያገኘው ይህንኑ ነው፤ «ወልቋል» ይልና ይጎትተዋል። ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ክንዱ የወረደው ተመትቶ ሳይሆን የሚይዘው ጡንቻ ከአንጎል ትእዛዝ ስላጣ ነውና፣ ተገፍቶ ቢገባ እንኳ ተመልሶ ይወርዳል። በመሃል የተቀደደው ጅማት ግን በቀላሉ አይመለስም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ያንን እጅ አይሳብ፤ ስታለብሷቸውም፣ ከአልጋ ስታነሷቸውም፣ መኪና ስታስገቧቸውም። መያዣው ወገብ ነው። ሰፋ ያለ ቀበቶ ወይም በደንብ የተቋጠረ መቀነት ወገባቸው ላይ እሰሩና እሱን ያዙ። ሲቀመጡ ክንዳቸው ከክርን እስከ ጣት ጫፍ በትራስ ወይም በጠረጴዛ ላይ ይረፍ። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ጨርቅ ለሚቆሙበትና ለሚራመዱበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከታሰረ ክርኑ እንደታጠፈ ይደርቃል። በር ላይ ገመድ አንጠልጥሎ የታመመውን እጅ በደህናው ወደ ላይ መጎተት በየቤቱ የሚታይ ልማድ ሆኗል፤ ለላላ ትከሻ ጎጂ ነውና ተዉት።

ማሸቱ ቀለል ካለ ዘና ያደርጋቸዋል፤ ክፋት የለውም። ሙቅ ውኃው ግን ያሰጋናል። የተጎዳው ጎን ሙቀትን በትክክል ላይለይ ስለሚችል ቆዳቸው እየተቃጠለ «ደህና ነው» ሊሏችሁ ይችላሉ። ውኃውን በራሳችሁ ክርን ለኩ።

እጅና እግርን የሚመልሰው ግን ማሸት ሳይሆን ድግግሞሽ ነው። ያልተጎዳው የአንጎል ክፍል ሥራውን የሚረከበው አንድ ተግባር በየቀኑ እጅግ ብዙ ጊዜ ሲደገምለት ነው፤ በ15 ቀን አንዴ የሚደረግ የ40 ደቂቃ ሕክምና ብቻውን ይህን አይሞላም። ወደ ባለሙያው ስትሄዱ የሚያሳያችሁን እንቅስቃሴ፣ እሱን አስፈቅዳችሁ፣ በስልክ ቅረጹና ቤት ውስጥ 10 ወይም 15 ደቂቃ እያደረጋችሁ በቀን 4 ጊዜ ሥሩ። አንዴ ለአንድ ሰዓት ከማድከም ይህ ይሻላል።

ከሁሉም የምናስቀድመው መነሳትና መቀመጥ ነው። 45 ወይም 50 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው፣ የማይንሸራተት ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። ሶፋ አይሆንም፤ ይውጣቸዋል። ወደ ወንበሩ ጫፍ ቀረብ ይበሉ፤ እግሮቻቸው ከጉልበታቸው ትንሽ ወደ ኋላ ይግቡ፣ ቀኙ ደግሞ ከግራው ጥቂት ወደ ኋላ ይሁን። ሁለት እጃቸውን አቆላልፈው ወደ ፊት ይዘርጉና አፍንጫቸው ከእግራቸው ጣቶች በላይ እስኪደርስ ያጎንብሱ፤ መቀመጫቸው የሚነሳው ያን ጊዜ ነው። ብዙ ቤተሰብ «ቀና በሉ» እያለ ስለሚያዝ ታማሚው ወደ ኋላ ይወድቃል። ቀኙ እግር ወደ ኋላ ሲገባ ክብደት ይሸከማል፤ ወደ ፊት ከተተወ ግን ደህናው እግር ብቻውን ሥራውን ሠርቶት ደካማው እንደተኛ ይቀራል። ረዳቱ በቀኛቸው ቆሞ ቀበቶውን ይያዝ፤ የታመመው ጉልበት እንዳይከዳቸው በራሱ ጉልበት ከፊት ይደግፍ። በ5 ጀምሩ፤ ሳምንት ሳይሞላ 10 ይሆናል። ሲቀመጡም ዝግ ብለው እስከ 4 እየቆጠሩ ይውረዱ እንጂ ዱብ አይበሉ።

ለእጃቸው ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፉ፤ ደህናውን እጅ ከላይ ደርበው ወደ ፊትና ወደ ጎን ይወልውሉ። ጣቶቻቸው ትንሽ እንኳ መከፈት ከጀመሩ ከቤታችን የተሻለ መሣሪያ የለም፤ ትሪ ላይ ባቄላ በትኑና ይልቀሙ፣ ሲቀላቸው ሽምብራ፣ ከዚያ ምስር። ሲኒ ከረከቦቱ ላይ እያነሱ መመለስም እንዲሁ ነው። ኳስ አታስጨብጧቸው። ከስትሮክ በኋላ መጨበጥ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ይመጣል፤ የሚዘገየው መክፈት ነው፤ ኳሱ የሚያጠነክረው ያንኑ የሚቆልፈውን ጡንቻ ነው።

ውኃ ሲጠጡ የሚያስላቸው ከሆነ ወይም ከጠጡ በኋላ ድምፃቸው ውኃ የገባበት ከመሰለ፣ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪም ንገሩ። እስከዚያው ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ትንሽ ዝቅ አድርገው፣ በትንሽ በትንሹ ይጉረሱ፤ ከበሉ በኋላም 30 ደቂቃ አይተኙ። የግፊት መድኃኒታቸው ደግሞ «ተሽሏቸዋል» ተብሎ አይቋረጥም፤ ሁለተኛው ስትሮክ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በየምክንያቱ የሚያለቅሱ፣ ምግብ የሚገፉ፣ ልምምዱን እምቢ የሚሉ ከሆነም ስንፍና አድርጋችሁ አትዩት። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ የመንፈስ ጭንቀት ይይዛቸዋል፤ ይታከማል።

ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፤ እናንተ አሁን እዚያው ውስጥ ናችሁ። ከ6 ወር በኋላም በር አይዘጋም፤ እርምጃው ነው የሚቀንሰው።

ጥያቄ፦ አባቴ ግራ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከዘራውንም በግራ ይይዛሉ። አንድ ሰው በቀኝ መሆን አለበት አለኝ፤ እውነት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ እውነት ነው፤ በቀኝ። በታመመው እግር ላይ ሰውነት ሲያርፍ የዚያ ጎን የዳሌ ጡንቻ ወገብ እንዳይዘነብል በኃይል ይጎትታል፤ ያ ጉተታ መገጣጠሚያውን ይጫነዋል። በተቃራኒው እጅ የተያዘ ከዘራ ጫናውን ይካፈላል። በዚያው ጎን ሲያዝ ግን ሰውየው ወደ ታመመው እግር ይጋደማል። ከዘራውና የታመመው እግር አብረው ይንቀሳቀሱ፣ ደህናው ይከተል። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው ከከዘራው ጋር ይቅደም።

ቁመቱን ለመለካት ጫማቸውን አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ እጃቸውን ወደ ታች ይልቀቁ፤ የከዘራው እጀታ አምባር የሚውልበት የእጅ አንጓ እጥፋት ላይ መድረስ አለበት። ገበያ ላይ የሚሸጠው የእንጨት ከዘራ ለብዙ ሰው ረጅም ነው፤ ትከሻን ወደ ላይ ይገፋል። በመጋዝ ይቆረጥ፤ የጎማውን ውፍረት ግን አስቀድማችሁ ቀንሱ። ጎማ የሌለው ከዘራ በእርጥብ ሴራሚክ ላይ ከመያዝ አለመያዝ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አባታችን 78 ዓመታቸው ነው፤ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ በቀዶ ሕክምና ከተጠገነ 3 ሳምንት ሆነው። ሐኪሙ ያራምዷቸው ብሏል፤ እኛ ግን እንዳይደክሙ ብለን ምግባቸውንም አልጋቸው ድረስ እናመጣለን። መጸዳጃችን መሬት ላይ የሚቀመጡበት ዓይነት ነው። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አክብሮታችሁን እንረዳለን፤ በእኛ አገር ታላቅ ሰው ሲነሳ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው። ነገር ግን አልጋ የያዘ ሽማግሌ በ10 ቀን ውስጥ የሚያጣውን የእግር ጡንቻ ለመመለስ ብዙ ሳምንታት ይፈጅበታል። የሳንባ ምች፣ የመቀመጫ ቁስልና በእግር ደም ሥር ውስጥ የሚረጋ ደምም ተኝቶ የቆየን ሰው ይጠብቃሉ። ምሳቸው ጠረጴዛ ላይ ይቅረብና እሳቸው ይምጡ። መጀመሪያ ከአልጋ እስከ በር በዎከር (በሁለት እጅ በሚያዘው ባለ 4 እግር መደገፊያ)፣ በቀን 4 ጊዜ፤ በየሁለት ቀኑ ጥቂት እርምጃ ጨምሩ። ሕመም ካገዳቸው የታዘዘላቸውን ማስታገሻ ከመራመዳቸው 30 ወይም 45 ደቂቃ በፊት ይውሰዱ። ማስታገሻ ውጦ መተኛት ምን ይረባል?

ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ስብራቱ በብረት ተያይዞ ነው ወይስ የዳሌው ራስ በሰው ሠራሽ ተተክቶ? ተተክቶ ከሆነና ከኋላ በኩል ተከፍቶ ከሆነ፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ዳሌ ከ90 ዲግሪ በላይ አይታጠፍም፣ እግር አይቆላለፍም፣ የእግር ጣቶች ወደ ውስጥ አይዞሩም። መሬት ላይ ቁጢጥ ማለት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያፈርሳል፤ የተተካው ዳሌ የሚወልቀውም በዚህ ነው።

መፍትሔው አናጢ ጋ ነው። መደገፊያና የእጅ ማረፊያ ያለው ጠንካራ የእንጨት ወንበር መቀመጫው ተበስቶ በመጸዳጃው ጉድጓድ ላይ ይቀመጣል፤ ሌሊት ደግሞ ከሥሩ ፖፖ ወይም ባልዲ ይገባለታል። ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ዝቅ ማለት አለበት፤ ረጅም ሰው ከሆኑ 50 ሳንቲሜትር ያስፈልጋል። የቀዳዳው ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት ይለስልስና ቫርኒሽ ይቀባ፤ ያለዚያ እንጨቱ ሽንት ይጠጣል፣ ይሸታል። በ4ቱም እግሮች ሥር የመኪና ጎማ ቁራጭ ይመታ። የእጅ ማረፊያ የሌለው ወንበር ግን አታሠሩ፤ ተቀምጠው መነሳት ካቃታቸው ዞሮ ዞሮ ብብት ወደ መያዝ ትመለሳላችሁ።

ባታቸው ካበጠ፣ ከሞቀና ሲነካ ካመማቸው፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው ቀጠሮ አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ እናቴ 64 ዓመታቸው ነው፤ 84 ኪሎ ይመዝናሉ። ከአዲስ አበባ ከመጡ 8 ወር ሆኗቸዋል። ቤታችን ደረጃ አለው፤ ሁለቱም ጉልበታቸው እያመማቸው ከክፍላቸው መውረድ ትተዋል። ራጅ ታይተው «አጥንት ከአጥንት ይፋጫል» ስለተባሉ እግራቸውን ማንቀሳቀስ ፈርተዋል። ከአገር ቤት ይዘውት የመጡትን ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ይውጣሉ። ስግደት መተዋቸው ከሁሉ በላይ አሳዝኗቸዋል። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ «ይፋጫል» የሚለው ቃል ከሕመሙ ያላነሰ ጉዳት አድርሷል። የራጅ ፎቶና የሕመም መጠን ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም፤ ራጁ የከፋበት ሰው በእግሩ ገበያ ሲሄድ፣ ራጁ ቀላል የሆነው ደግሞ ሲያነክስ እናያለን። የጉልበት ካርቲሌጅ (የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ ልባስ) ደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው መገጣጠሚያው ሲታጠፍና ሲዘረጋ ከሚመላለሰው ፈሳሽ ነው። በመቀመጥ አይጠበቅም። ከዚያም በላይ ከጭን ፊት ያለው ትልቁ ጡንቻ ሲደክም በየእርምጃው የሚመጣውን ጫና የሚቀበለው መገጣጠሚያው ብቻውን ይሆናል።

በዚህ ይጀምሩ። አልጋ ላይ እግር ተዘርግቶ ከጉልበት ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ይገባል፤ ፎጣውን በጉልበት ወደ ታች እየተጫኑ 5 ሰከንድ መያዝ፣ 10 ጊዜ። ቀጥሎ በጀርባ ተኝቶ አንዱን ጉልበት አጥፎ ሌላውን እግር ቀጥ እንዳለ 30 ሳንቲሜትር ያህል ማንሳት፣ 3 ሰከንድ ይዞ ዝግ ብሎ ማውረድ፣ 10 ጊዜ። ይህ ሲቀል ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ይጨመራል፤ መጀመሪያ ትራስ አስቀምጦ ወንበሩን ከፍ በማድረግ፣ ከዚያ ትራሱን በማንሳት። በመጨረሻ የደረጃው የመጀመሪያ እርከን ላይ መደገፊያውን ይዞ መውጣትና መውረድ። በሳምንት 3 ቀን፤ ለውጡ በ8 ወይም በ12 ሳምንት ይታያል። አብዛኛው ሰው በ3ኛው ሳምንት «አልጠቀመኝም» ብሎ ያቆማል፤ ጡንቻ ገና መገንባት ሲጀምር ማለት ነው።

ሲሠሩ ትንሽ ማመሙ አያስፈራ። መለኪያችን ማግስቱ ነው፤ ሕመሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደነበረበት ከተመለሰ መጠኑ ትክክል ነበር፣ ጉልበቱ አብጦ ካደረ ግን በግማሽ ይቀነሳል።

ክብደት ላይ አንድ ስሌት እንስጥዎ። አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ 4 ኪሎ ያህል ጫና ያነሳል። እናትዎ 5 ኪሎ ቢቀንሱ በየእርምጃው 20 ኪሎ ነው። ከአገር ቤት የመጡ እናቶች ክብደት የሚጨምሩት ከመብላት ይልቅ የገበያውንና የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ በማጣታቸው ይመስለናል። ሲበርድ ሞል ውስጥ በቀን 20 ደቂቃ መራመድ ይቻላል።

ዲክሎፌናኩ ያሳስበናል። ጨጓራን ያደማል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትና ልብ ይጎዳል። በተለይ እንደ ኢናላፕሪል ያለ የግፊት መድኃኒትና የሚያሸና እንክብል አብረው የሚወስዱ ከሆነ ሦስቱ ተደምረው ኩላሊትን በድንገት ሊያቆሙት ይችላሉ። የሚቀባው ዲክሎፌናክ ጄል ለጉልበት በደንብ ይሠራል፤ ወደ ደም የሚገባው መጠንም እጅግ ያነሰ ነው። ሐኪማቸውን በዚህ ላይ ያማክሩ።

ስለ ስግደት፤ መሬት ድረስ ወድቆ መነሳት ጉልበትን ጥልቅ አጥፎ ሙሉ ክብደት ያሸክመዋልና አሁን ጊዜው አይደለም። ከወገብ ማጎንበስ ግን ጉልበትን አይጎዳም፤ ቤተ ክርስቲያንም ለሕመምተኛ አቅሙን ታያለች፣ የነፍስ አባታቸው ይንገሯቸው። ረጅም ሰዓት ሲቆሙ መቋሚያ ይያዙ፣ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውሩ። (ከጂማ ስለ ሶላት ተመሳሳይ ጥያቄ ለላኩልን አባት፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ለታመመ ሰው የተፈቀደ ነው፤ ወንበሩ ብቻ የእጅ ማረፊያ ይኑረው።)

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ 11 ዓመቴ ነው፤ 71 ዓመቴ። ክብደቴ 62 ኪሎ ነው። ጾም በመጣ ቁጥር ጭኔ እየሳሳ ሱሪዬ ይሰፋኛል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እቆያለሁ። መጾም አልተውም፤ ግን ምን ልብላ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አስቀድመን አንድ ጥያቄ። ጾሙ ሲያልቅ ክብደትዎ ይመለሳል? ካልተመለሰና በ6 ወር ውስጥ 3 ኪሎ ያህል ከቀነሱ ጾሙን ሳይወቅሱ ይመርመሩ፤ ስኳር፣ ቲቢ፣ እንቅርትና ዕጢ በዚህ ዕድሜ ዝም ብለው ያከሳሉ።

ከተመለሰ ግን ነገሩ የፕሮቲን ነው። በእርስዎ ዕድሜ ጡንቻን ለመጠበቅ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ ለእርስዎ ከ62 እስከ 74 ግራም። በጾም ምግብ ይሞላል? ይሞላል፤ ሽሮው ውኃ ካልሆነ። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር (200 ግራም) 18 ግራም ፕሮቲን አለው። 50 ግራም የሽሮ ዱቄት 10 ግራም ገደማ፣ ከ200 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ 24 ግራም ገደማ፣ 50 ግራም የሽምብራ ቆሎ 10፣ አንድ እፍኝ (30 ግራም) ኦቾሎኒ 7። ድምሩ 69 ነው። የጾም ገበታችን ድክመት ጎመንና ድንች ሞልቶበት ጥራጥሬው በማንኪያ ሲቀርብ ነው። ጥርስ ካስቸገረ ቆሎውንና ኦቾሎኒውን አስፈጭተው አጥሚት ውስጥ ይጨምሩት።

ሁሉንም በአንድ ገበታ አይጨርሱት፤ ያረጀ ጡንቻ በየማዕዱ 25 ወይም 30 ግራም ሲያገኝ ይሻለዋል። በ9 ሰዓት አንድ ሙሉ ምግብ፣ በ12 ሰዓት ቆሎ ወይም የአኩሪ አተር ወተት፣ በምሽቱ 2 ሰዓት ሁለተኛ ምግብ። ከምሽቱ ምግብ በፊት ደግሞ ከወንበር 10 ጊዜ ይነሱና ይቀመጡ፣ ያርፉ፣ ይድገሙ። ሥራ ያልታዘዘ ጡንቻ ፕሮቲኑን አይወስደውም።

የኩላሊት ሕመም ካለብዎ ይህ መጠን ለእርስዎ አይደለም። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛም እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ መቆየቱ አደገኛ ነው፤ መድኃኒቱ ሳይስተካከል አይሞከርም።

ጥያቄ፦ 75 ዓመቴ ነው። ሌሊት ለሽንት ስነሳ ዓይኔ ይጨልምብኛል፤ በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ቀን ቀን ደህና ነኝ። (ከጎንደር)

መልስ፦ ሲተኙ ጭንቅላትዎን ሲያዞሩ ቤቱ ከዞረብዎ ያ የጆሮ ውስጥ ችግር ነው፤ ሕክምናው ሌላ ነው። እርስዎ የጻፉት ግን ሲቆሙ መጨለም ነውና መጀመሪያ የምንጠረጥረው ግፊት መውረዱን ነው። ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲህ ያስለኩ፤ 5 ደቂቃ ተኝተው አንዴ፣ ከቆሙ በ1 ደቂቃ አንዴ፣ በ3 ደቂቃ አንዴ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ምክንያቱ ተገኘ። ተቀምጦ ብቻ የተለካ ግፊት ይህን አያሳይም። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ የሚያሸናው፣ ለእንቅልፍ የሚሰጠው ዲያዜፓም፣ ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ተጠርጣሪዎች ናቸው። በራስዎ ግን አያቁሙ። የሚያሸናውን ወደ ጠዋት ማዛወር ብቻ ሌሊቱን ሊያቀልልዎ ይችላል።

ሌሊት ሲነሱ አልጋው ጫፍ ላይ 1 ወይም 2 ደቂቃ ይቀመጡ። የእግርዎን ጫፍ 20 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ያድርጉ፤ ባት ሲኮማተር ደም ወደ ላይ ይገፋል። ተደግፈው ይቁሙ፣ እስከ 10 ይቁጠሩ፣ ከጨለመብዎ መልሰው ይቀመጡ። ፖፖ ከአልጋው ሥር ይኑር፤ ምንም ሐፍረት የለውም። መብራት ከጠፋ የእጅ ባትሪ ትራስጌ ይሁን። ተረከዝ የማይዘው ነጠላ ጫማ፣ ጫፉ የተጠቀለለ ምንጣፍና ከቁም ሣጥን ላይ ዕቃ ለማውረድ የሚወጡበት ዱካ ከቤትዎ ይወገዱ።

የሚዛን ልምምድ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ያስፈልግዎታል። ጠረጴዛ ወይም የወጥ ቤት ባንኮኒ አጠገብ፣ ወንበር ከኋላዎ አድርገው፣ እግርዎን ገጥመው 10 ሰከንድ ይቁሙ። ከቻሉ አንዱን እግር ግማሽ ወደ ፊት ያውጡ፣ ቀጥሎ የአንዱን ተረከዝ ከሌላው ጣት ያገናኙ፣ በመጨረሻ በአንድ እግር። አንዱን ምንም ሳይነኩ 30 ሰከንድ መቆም ሳይችሉ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

ምናልባት ከወደቁ ወዲያው ለመነሳት አይታገሉ። ዳሌዎ ክፉኛ ካመመና አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ባሉበት ሆነው ሰው ይጥሩ። ደህና ከሆኑ በጎንዎ ይዙሩ፣ በአራት እግር ወደ ወንበር ይሂዱ፣ እጅዎን መቀመጫው ላይ አድርገው ጠንካራውን እግር አስቀድመው ይነሱ። ይህን ቀን፣ ሰው ባለበት፣ ፍራሽ አንጥፈው አንድ ሁለት ጊዜ ይለማመዱት።

ጥያቄ፦ ወላጆቼ እየደከሙ መሆናቸውን ሳይወድቁ በፊት በምን ላውቅ እችላለሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በአንድ ወንበርና በስልክዎ ሰዓት። ወንበሩ የእጅ ማረፊያ የሌለው፣ 43 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው፣ ግድግዳ የተደገፈ ይሁን። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አመሳቅለው በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ ቆመው እንደሚቀመጡ ይቁጠሩ። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል መለኪያ እንደሚለው፣ ከ65 እስከ 69 ዓመት ሴት ከ11፣ ወንድ ከ12 በታች ከሆነ የመውደቅ ስጋት አለ። ከ70 እስከ 74 ለሴት 10 ለወንድ 12፣ ከ75 እስከ 79 ለሴት 10 ለወንድ 11፣ ከ80 እስከ 84 ለሴት 9 ለወንድ 10 ነው። በእጃቸው ሳይደገፉ አንዴም መነሳት ካልቻሉ 0 ብለው ይመዝግቡ። ቁጥሩን የግድግዳው ካላንደር ላይ ይጻፉና ልምምድ በጀመሩ በ8ኛው ሳምንት በዚያው ወንበር ይድገሙት፤ ወንበሩ ከተቀየረ ቁጥሩ አይነጻጸርም።